ጥያቄና መልስ፦ የጌም ኮምፒውተር፣ ጠረጴዛውና የሶኬቱ ጉዳይ

ስለ ጌም ኮምፒውተር ከደረሱን ደብዳቤዎች ሰባቱን መርጠን እንመልሳለን። አብዛኞቹ የሚጠይቁን የትኛውን ግራፊክስ ካርድ (የጌሙን ምስል የሚሠራውን ክፍል) እንደሚገዙ ነው። እኛ ደግሞ መጀመሪያ የምንመልሰው ስለ ጠረጴዛው ከፍታና ስለ ሶኬቱ የመሬት መስመር ነው። ካርዱን ገንዘብ ሲገኝ በተሻለ መቀየር ይቻላል፤ በአጉል አቀማመጥ የታመመ ወገብና በመጥፎ መስመር የተቃጠለ ማዘርቦርድ ግን ከካርዱ በላይ ያስወጣሉ።

ጠረጴዛ በሰፈሬ ካለ እንጨት ቤት ላሠራ ነው። ቁመቴ 1 ሜትር ከ66 ነው። አሁን ኮምፒውተሩን ያስቀመጥኩት የምግብ ጠረጴዛ ላይ ሲሆን ሁለት ሰዓት ያህል ከተጫወትኩ በኋላ ትከሻዬንና የእጄን አንጓ ያመኛል። ለባለሙያው ምን ልኬት ልስጠው? — ከአዲስ አበባ፣ አያት

ያመመዎት ከፍታው ነው። የምግብ ጠረጴዛም ሆነ ገበያ ላይ ያለው የቢሮ ጠረጴዛ አብዛኛውን ጊዜ 75 ሴ.ሜ. ገደማ ከፍታ አለው። በእርስዎ ቁመት ያለ ሰው እግሩ ወለል ረግጦ ሲቀመጥ ግን ክርኑ የሚውለው ከወለሉ 66 ወይም 67 ሴ.ሜ. አካባቢ ነው። በመካከል ያለውን ልዩነት የሚሸከመው ትከሻ ነው፤ ክንድን ወደ ላይ ስቦ እንደያዘ ሰዓታት ያልፋሉ። አንጓም በጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ተጫጭኖ ይታጠፋል።

ቁጥር ከመስጠትዎ በፊት ራስዎን ያስለኩ። በሚጠቀሙበት ወንበር ላይ ይቀመጡ፤ ቤት ውስጥ የሚያደርጉትን ጫማ አድርገው እግርዎ ሙሉ በሙሉ ወለሉን ይርገጥ፣ ጭንዎም አግድም ይሁን። ትከሻዎን ልቅ አድርገው ክርንዎን ከጎንዎ ሳያርቁ በ90 ዲግሪ አጥፈው ይያዙ። ሌላ ሰው ከወለሉ እስከ ክርንዎ ሥር በሜትር ይለካልዎት። ኪቦርዱ የራሱ ውፍረት ስላለው ከተገኘው ቁጥር ላይ 1 ወይም 2 ሴ.ሜ. ይቀንሱ። ጠረጴዛው የሚሠራው በዚያ ከፍታ ነው። በኋላ ማስተካከል ቢያስፈልግ እንዲመች በአራቱም እግሮች ሥር በብሎን ከፍና ዝቅ የሚል መርገጫ ያስገጥሙ፤ ወለሉ እኩል ባልሆነበት ቤትም ጠረጴዛው እንዳይወዛወዝ ያደርጋል።

ርዝመቱ 140፣ ጥልቀቱ 70 ሴ.ሜ. ይሁን። ክፍሉ ጠባብ ከሆነ 120 በ60 ይበቃል፤ ከ60 በታች ግን አይውረዱ። የ27 ኢንች ስክሪን መቆሚያ ብቻውን 20 ሴ.ሜ. እና ከዚያ በላይ ጥልቀት ይወስዳል፤ ጠረጴዛው 50 ሴ.ሜ. ብቻ ከሆነ ስክሪኑ ፊትዎ ላይ ይደቀናል።

ላይኛው ክፍል 18 ሚ.ሜ. ኤምዲኤፍ ወይም ቺፑድ ከሆነ በ140 ሴ.ሜ. ርዝመት ውሎ አድሮ መሃሉ ይጎብጣል። ስለዚህ ከሥሩ የ40 በ40 ሚ.ሜ. ቱቦላሬ ፍሬም ይሠራለት፤ መሃል ላይም ከፊት ወደ ኋላ አንድ ብረት ይጨመር። ባለሙያዎች ጠረጴዛ ሲባሉ ከፊት መሳቢያ፣ ከታች ደግሞ ተሻጋሪ ብረት ማስገባት ይወዳሉ። ሁለቱንም አይፍቀዱ፤ መሳቢያው ጭንዎን፣ ብረቱ እግርዎን ይከለክላል። ማጠናከሪያው ከኋላ እግሮች መካከል ይሁን። የፊተኛው ጠርዝ በደንብ ተሞርዶ ይክበብ፤ የአንጓ ሕመም ከሹል ጠርዝም ይመጣል። ከኋላ በኩል ደግሞ 6 ሴ.ሜ. ስፋት ያለው የኬብል ቀዳዳ ያስወጡ፤ ከዚያ ያነሰ የኤሌክትሪክ ሶኬት ጭንቅላት አያሳልፍም።

የስክሪኑ የላይኛው ጠርዝ ከዓይንዎ ትይዩ ወይም ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ ርቀቱም ክንድዎ ተዘርግቶ የሚደርስበት ያህል ይሁን። መስኮት ከጎንዎ ይሁን እንጂ ከፊትዎ ወይም ከኋላዎ አይሁን። ስክሪኑን በክንድ መስቀያ ሊያቆሙት ካሰቡ፣ መቆንጠጫው ቺፑድን ስለሚሰብር ከላይና ከታች 3 ሚ.ሜ. ላሜራ ያስገቡበት።

ጠረጴዛው ቀድሞ ተሠርቶ ከሆነ ወንበሩን ከፍ አድርገው ከእግርዎ ሥር መርገጫ ያኑሩ። እግር አየር ላይ እንዲንጠለጠል ግን አይተዉት፤ የወንበሩ ጠርዝ ጭንን ከሥር ይጫንና ያደነዝዛል።

የ12 ዓመት ልጄ የእሽቅድምድም መኪና መቀመጫ የሚመስለውን ጌሚንግ ወንበር ካልገዛሽልኝ ይለኛል። ዋጋው በጣም ውድ ነው። ይጠቅማል? — እናት፣ ከሐዋሳ

ለእሱ ዕድሜ አንመክረውም። እነዚህ ወንበሮች የተሠሩት ለአዋቂ ሰው ጀርባ ነው። መቀመጫው ረጅም ስለሆነ ልጁ ጀርባውን ወደ ኋላ ካስደገፈ ጉልበቱ አይታጠፍም፣ እግሩም ወለል አይደርስም፤ ስለዚህ ወደ ፊት ተንሸራቶ ጎብጦ ይቀመጣል። በዚያ ዋጋ ከፍና ዝቅ የሚል፣ ወገብን የሚደግፍ ያገለገለ የቢሮ ወንበር ቢገዙ ገንዘብም ይተርፍዎታል። ሲገዙ ልጁን ይዘው ይሂዱና ያስቀምጡት፤ ጀርባው ተደግፎ በጉልበቱ ማጠፊያና በመቀመጫው ጠርዝ መካከል ሁለት ወይም ሦስት ጣት መግባት አለበት። ወንበሩን ከፍ አድርገው አምስት ደቂቃ ያህል ሲቀመጥበት ቀስ እያለ ከወረደ የጋዝ ሲሊንደሩ አልቋል ማለት ነው፤ ይተዉት።

የኮምፒውተሩን ኬዝ ስነካ ይነዝረኛል፤ በባዶ እግሬ ስሆን ደግሞ ይብሳል። የሸጠልኝ ሰው ኮምፒውተር ሁሉ እንዲህ ነው፣ ችግር የለውም ብሎኛል። እውነት ነው? — ከአዳማ

እውነት አይደለም። ኮምፒውተሩ አልተበላሸም ይሆናል፤ የተሰኩበት ሶኬት ግን ግራውንድ (የመሬት መስመር) የለውም።

በፓወር ሰፕላዩ (ለኮምፒውተሩ ኃይል በሚመግበው ሳጥን) መግቢያ ላይ የኤሌክትሪክ ረብሻ የሚያጣሩ ትንንሽ ካፓሲተሮች አሉ። ከፌዙም (ኃይል አምጪው ሽቦ) ከኒውትራሉም (መላሹ ሽቦ) ወደ ኬዙ ብረት የተያያዙ ናቸው፤ የሚያሳልፉትን ጥቂት ከረንት ወስዶ ወደ መሬት ማፍሰስ የግራውንዱ ሽቦ ሥራ ነው። ሽቦው ከሌለ ኬዙ የ220 ቮልት ግማሽ፣ ማለትም ወደ 110 ቮልት ተሸክሞ ይቀመጣል። ከረንቱ በጣም አነስተኛ ስለሆነ የሚሰማዎት መንዘር ብቻ ነው። አደጋው ያለው ሌላ ቦታ ነው። በውስጥ አንድ ሽቦ ተልጦ ኬዙን ቢነካ ሙሉው 220 ቮልት እርስዎን ይጠብቃል፤ ብሬከሩም አይወርድም። ከዚህም ሌላ ግራውንድ የሌለውን ኮምፒውተር ዲሽ ከተገጠመለት ቴሌቪዥን ጋር በኤችዲኤምአይ ሲያያይዙ በሁለቱ መካከል ያለው የቮልቴጅ ልዩነት በኬብሉ በኩል ያልፍና መግቢያውን፣ አንዳንዴም ግራፊክስ ካርዱን ያቃጥላል። ግራውንዱ እስኪሠራ ድረስ እንዲህ ዓይነቱን ኬብል የሚሰኩትና የሚነቅሉት ሁለቱም ዕቃዎች ከሶኬት ተነቅለው ሳለ ብቻ ይሁን።

መጀመሪያ ማከፋፈያውን ይመልከቱ። ሁለት ቀዳዳ ብቻ ያለው፣ በጎንና በጎኑ የብረት ምላስ የሌለው ማከፋፈያ ወይም አስማሚ ግድግዳው ላይ ያለውን ግራውንድ ይቆርጠዋል። ብዙ ጊዜ ችግሩ በዚህ ያልቃል። ካላለቀ መልቲሜትር የያዘ ኤሌክትሪሻን ያስመጡና ሶኬቱን በኤሲ ቮልት ይለካ። በፌዝና በኒውትራል መካከል 220 አካባቢ፣ በፌዝና በግራውንድ መካከልም እንደዚያው፣ በኒውትራልና በግራውንድ መካከል ደግሞ ጥቂት ቮልት ብቻ መነበብ አለበት። በፌዝና በግራውንድ መካከል 100 ወይም ከዚያ በታች የሚዋልል ቁጥር ከታየ ግራውንዱ የለም ወይም ተቆርጧል።

ባለሙያው ሶኬቱ ውስጥ ግራውንዱን ከኒውትራሉ ጋር ላገናኘው ካለ አይፍቀዱለት። ኒውትራሉ የሆነ ቦታ በተቋረጠ ቀን በኮምፒውተሩ በኩል የሚመጣው 220 ቮልት በቀጥታ ኬዙ ላይ ይወጣል፤ ፍሪጁም ምጣዱም እንደዚያው። የውኃ ቧንቧ ላይ ማሰርም እንዲሁ ነው፤ ቧንቧው መሃል ላይ ፕላስቲክ ከሆነ ከረንቱ መሬት አይደርስም፣ ጎረቤት ቧንቧ ሲከፍት ይነዝረዋል። ትክክለኛው ሥራ መሬት ውስጥ የተቀበረ የመዳብ ዘንግ፣ ከእሱ እስከ ብሬከር ሳጥን ወፍራም ሽቦ፣ ከዚያም እስከ ሶኬቱ 2.5 ሚ.ሜ. ካሬ የሆነ አረንጓዴና ቢጫ ሽቦ ነው። በዚያውም 30 ሚሊአምፒር ከረንት ከመስመሩ ወደ መሬት ሲያመልጥ የሚቆርጥ አርሲዲ የተባለ ብሬከር ያስገቡ። ቤት ውስጥ ልጅ ካለ ይህን ከማንኛውም የኮምፒውተር ዕቃ እናስቀድማለን።

ለታናሽ ወንድሜ የተገጠመ ጌሚንግ ኮምፒውተር ከእነ ስክሪኑ ወደ አዲስ አበባ ልልክለት ነው። እዚህ 120 ቮልት ነው፤ እዚያ ይቃጠላል? — ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

ኮምፒውተሩ አብዛኛውን ጊዜ አይቃጠልም፤ የሚቃጠሉት አብረውት የሚላኩት ትንንሽ ዕቃዎች ናቸው።

የፓወር ሰፕላዩን ጽሑፍ ያንብቡ። ግቤቱ ከ100 እስከ 240 ቮልት፣ 50/60 ኸርዝ የሚል ከሆነ ምንም ትራንስፎርመር አያስፈልገውም፤ ራሱ ያስተካክላል። ያረጁና ርካሽ የሆኑት ግን ከኋላቸው 115 እና 230 የሚል ትንሽ ቀይ ማብሪያ አላቸው። 115 ላይ እንደሆነ አዲስ አበባ ሲሰካ ወዲያው ይፈነዳል። እንዲህ ያለ ካገኙ ማብሪያውን ወደ 230 አዙረው ከመላክ ይልቅ ፓወር ሰፕላዩን ራሱን ይቀይሩት፤ በዚያ ደረጃ ያለ ዕቃ ውድ ካርድ ሊታመንበት አይገባም። የስክሪኑ ቻርጀርም 100–240 ማለቱን ይዩ።

አይላኩ የምንለው የአሜሪካ ማከፋፈያና የሰርጅ (የቮልቴጅ ዝላይ) መከላከያ ነው። 125 ቮልት ተብሎ የተጻፈበት መከላከያ በውስጡ ያለው ክፍል 220 ሲያገኘው አደጋ የመጣ መስሎት መቁረጥ ይጀምራል፣ ግሎ ይቃጠላል። የ120 ቮልት ዩፒኤስም (መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይ የባትሪ ሳጥን) እንዲሁ አይሠራም። በሞተር ከፍና ዝቅ የሚል ጠረጴዛ ካሰቡ የመቆጣጠሪያ ሳጥኑን ጽሑፍ ያንብቡ፤ 120 ብቻ የሚሉ አሉ። የኮምፒውተሩን ገመድ ደግሞ አዲስ አበባ በአስማሚ ከመጠቀም ወንድምዎ ባለ ግራውንድ፣ ክብ ጭንቅላት ያለው የኢትዮጵያ ገመድ ቢገዛ ይሻላል፤ ከኋላ የሚሰካው ጫፍ አንድ ዓይነት ነው።

ስለ ጭነቱ፦ ግራፊክስ ካርዱን ነቅለው በራሱ ካርቶን ያሽጉ። በሻንጣ ውስጥ በተወረወረ ቁጥር የካርዱ ክብደት የማዘርቦርዱን መሰኪያ ይገነጥለዋል። ረጅምና ከባድ የፕሮሰሰር ማቀዝቀዣም ይፈታ። ይህን ካደረጉ በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መካከል የሚቀባ ትንሽ ቱቦ ፔስት አብረው ይላኩ፤ ሲገጠም አሮጌው ተጠርጎ የአተር ፍሬ የምታክል አዲስ መሃል ላይ ይደረጋል። የኬዙ መስታወት ተነቅሎ በልብስ ይጠቅለል።

ዩፒኤሱን ወንድምዎ አዲስ አበባ ይግዛ። 1000 ቪኤ የሚባለው ብዙውን ጊዜ 600 ዋት ገደማ ይሸከማል፤ መካከለኛ ጌሚንግ ኮምፒውተር ከእነ ስክሪኑ ሲጫወት 250–300 ዋት ስለሚወስድ ይበቃዋል። ዩፒኤስ ግን መብራት ሲጠፋ ሥራን አስቀምጦ ለመዝጋት የሚሆን ጥቂት ደቂቃ ይሰጣል እንጂ ጌም አያስጨርስም። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ የሚመጣው ዝላይ ነው ዕቃ የሚገድለው፤ ስለዚህ ሲጠፋ ከግድግዳው ይንቀል፣ ከተመለሰም በኋላ አምስት ደቂቃ ያህል ቆይቶ ይሰካ።

ራይዘን 5 7600፣ ቢ650 ማዘርቦርድ፣ ሁለት ባለ16 ጊጋባይት ዲዲአር5 6000 ራም፣ አርቲኤክስ 4060 እና 650 ዋት ፓወር ሰፕላይ ገዝተን ከወንድሜ ጋር ገጠምነው። ፋኖቹ ይዞራሉ፣ ስክሪኑ ግን ጥቁር ነው። በየደቂቃው እያጠፋን ብናስነሳም ለውጥ የለም። ማዘርቦርዱ ላይ ድራም ከሚለው አጠገብ ቢጫ መብራት በርቷል። ዕቃው ተበላሽቶ ይሆን? — ከባሕር ዳር

ማጥፋቱን አቁሙ። የዚህ ትውልድ ራይዘን ማዘርቦርድ ከአዲስ ራም ጋር መጀመሪያ ሲገናኝ ፍጥነቱንና ቮልቴጁን አንድ በአንድ እየሞከረ ይማራል። ሥራው ብዙ ደቂቃ ሊፈጅ ይችላል፤ በዚያ ጊዜ ስክሪኑ ጥቁር፣ የድራም መብራትም በርቶ መቆየቱ የሚጠበቅ ነው። በየደቂቃው ስታጠፉት ከዜሮ እንዲጀምር እያደረጋችሁት ነው። አብሩትና 15 ደቂቃ ሳትነኩ ተዉት።

ካልመጣ ከሶኬት ንቀሉና ራሞቹን እዩ። ሁለት ራም የሚገባው ከፕሮሰሰሩ ሲቆጠር ሁለተኛውና አራተኛው ቦታ ላይ ነው፤ አንደኛና ሦስተኛ ላይ አስገብታችሁ ከሆነ ምክንያቱ ተገኘ። በብዙ ማዘርቦርድ ላይ መያዣው በአንድ በኩል ብቻ ስለሆነ ሌላኛው ጫፍ ሳይገባ የገባ ይመስላል፤ ሁለቱንም ጫፍ በአውራ ጣት ቀጭ እስኪል ድረስ ግፉ። ከዚያ አንድ ራም ብቻ ሁለተኛው ቦታ ላይ አድርጋችሁ እንደገና 15 ደቂቃ ጠብቁ። አሁንም እምቢ ካለ ከሶኬት ነቅላችሁ የማዘርቦርዱን ክብ ባትሪ ለጥቂት ደቂቃ አውጥታችሁ መልሱ፤ የባዮሱ (ማዘርቦርዱ ላይ ያለው የማስነሻ ፕሮግራም) ቅንብር ይጠፋል።

መብራቱ ድራም ላይ ሳይሆን ሲፒዩ ላይ ከሆነ ግራ ላይኛው ጥግ ያለውን ባለ8 ፒን ገመድ ተመልከቱ። ይህ ገመድ ከሁለት ባለ4 ፒን የተሠራ ነው፤ የግራፊክስ ካርዱ ገመድ ደግሞ ከ6 እና ከ2። ቅርጻቸው ይቀራረባል፣ በጉልበት ለማስገባት የሚሞክርም አለ፤ ሽቦዎቹ ግን ተቃራኒ ስለሆኑ ዕቃ ያቃጥላሉ። በቀላሉ ካልገባ ገመዱ የእሱ አይደለም። ኬዙ ውስጥ የማዘርቦርዱን ብሎን የሚቀበሉት የናስ እግሮችም በቀዳዳዎቹ ልክ ብቻ ይሁኑ፤ ትርፍ እግር ከማዘርቦርዱ ጀርባ ጋር ይነካካና ሾርት ያደርጋል።

ምስል ሲመጣ ባዮስ ውስጥ ገብታችሁ ኤክስፖ የሚለውን አብሩ። ካልበራ 6000 ተብሎ የተገዛው ራም ብዙውን ጊዜ በ4800 ይሠራል። ካበራችሁት በኋላ እንደገና ስለሚማር ስክሪኑ ትንሽ ይቆያል፤ አትደንግጡ። ዊንዶውስ ላይ የኒቪዲያን ድራይቨር ስትጭኑ የስክሪኑ ገመድ ማዘርቦርዱ ላይ ሳይሆን ታች ግራፊክስ ካርዱ ላይ መሰካቱን አረጋግጡ። 7600 የራሱ ግራፊክስ ስላለው ከማዘርቦርዱም ምስል ይመጣል፤ ጌሙ ግን የተገዛውን ካርድ ትቶ ደካማውን ይዞ ሊጎተት ይችላል።

650 ዋቱ ይበቃል። አርቲኤክስ 4060 የሚወስደው 115 ዋት ነው።

165 ኸርዝ ስክሪን ገዛሁ፤ ከድሮው 60 ኸርዝ ምንም ልዩነት አላየሁበትም። — ከጎንደር

ኸርዝ ስክሪኑ በሰከንድ ስንት ጊዜ ምስል እንደሚቀይር ነው፤ ዊንዶውስ አዲስ ስክሪን ሲያገኝ ብዙ ጊዜ በ60 ያስጀምረዋል። ሴቲንግ ውስጥ ሲስተም፣ ዲስፕሌይ፣ አድቫንስድ ዲስፕሌይ ገብተው 165 ይምረጡ። ዝርዝሩ ውስጥ 165 ከሌለ ገመዱን ከኤችዲኤምአይ ወደ ዲስፕሌይፖርት ይቀይሩ፤ የብዙ ስክሪኖች የኤችዲኤምአይ መግቢያ ከሙሉ ፍጥነታቸው በታች ይሠራል። ከዚያም ጌሙ ውስጥ የፍሬም (በሰከንድ የሚሠራ ምስል) ገደብ 60 ላይ ተቀምጦ እንደሆነ ያንሱት።

እዚህ ሙቀቱ ከባድ ነው። ኮምፒውተሩን ጠረጴዛው ሥር ባለ ቁምሳጥን ውስጥ አስገብቼዋለሁ፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ጌሙ ይቆራረጣል። የውኃ ማቀዝቀዣ ልግዛ? — ከድሬዳዋ

መጀመሪያ ከቁምሳጥኑ ያውጡት። በሩ ክፍት ቢሆንም እንኳ ኬዙ ከኋላው የተፋውን ትኩስ አየር ከፊቱ መልሶ ይስባል። የውኃ ማቀዝቀዣም ሙቀቱን የሚጥለው እዚያው ሳጥን ውስጥ ስለሆነ አይረዳዎትም። ከሁሉም አቅጣጫ ቢያንስ 15 ሴ.ሜ. ክፍት ቦታ ያግኝ፤ ወለል ላይ ከሆነም አቧራ እንዳይስብ ከ10 እስከ 15 ሴ.ሜ. ከፍ ያለ መቆሚያ ይሠራለት።

ፋኖቹ ሁለት ከፊት አስገቢ፣ አንድ ከኋላ አስወጪ ይሁኑ። አስገቢው ሲበዛ አየር በየስንጥቁ ወደ ውጭ ስለሚገፋ አቧራ የሚገባው በማጣሪያው በኩል ብቻ ነው፤ በአቧራማ ወቅት ማጣሪያውን በየሁለት ሳምንቱ አጥበው በደንብ አድርቀው ይመልሱ። ውስጡን በነፋስ ሲያጸዱ የፋኑን ክንፍ በጣት ይያዙ፤ ከመጠን በላይ ሲሽከረከር ኩሽኔታው ይጎዳል።

ከዚያ የካርዱን ድካም ይቀንሱ። ስክሪንዎ በሰከንድ የሚያሳየው 75 ፍሬም ከሆነ ካርዱ 140 ፍሬም ለማምረት መጋል የለበትም፤ ገደቡን 75 ላይ ያድርጉት። በካርዱ ሶፍትዌር የኃይል ገደቡን ወደ 80 በመቶ ማውረድም ከአፈጻጸሙ ጥቂት ብቻ ወስዶ ሙቀቱን በግልጽ ይቀንሰዋል። እየተጫወቱ የካርዱን ሙቀት ይከታተሉ፤ ከ70 እስከ 80 ዲግሪ ከሆነ ደህና ነው። አብዛኞቹ የራይዘን 7000 ፕሮሰሰሮች እስከ 95 ዲግሪ እንዲሠሩ የተነደፉ ስለሆኑ እዚያ ቁጥር ላይ ማየትዎ ብቻውን ብልሽት አይደለም።

ይህን ሁሉ አድርገው ሙቀቱ ካልወረደ ማቀዝቀዣውን ፈተው ከሥሩ ያለችው ስስ ፕላስቲክ መላጧን ይመልከቱ። ሳትላጥ የተገጠመች ማቀዝቀዣ እስካሁን ድረስ በየጊዜው እናያለን።